ቀብድ የማን ብር ነው? ከአንዲት የደብረ ማርቆስ ፎቶ አንሺ ደብተር

ደብተሩ ሽፋኑ ሰማያዊ ነው፤ ጠርዙ ተቀዶ በፕላስተር ተያይዟል። ከሕዳር 2011 እስከ የካቲት 2013 ዓ.ም. የገባና የወጣ ብር ሁሉ በእጅ ጽሑፍ ሰፍሮበታል። የደብተሩ ባለቤት ደብረ ማርቆስ ሒሳብ አያያዝ ሳስተምር ተማሪዬ የነበረች ልጅ ናት። ትምህርቷን ከጨረሰች በኋላም በወሩ የመጨረሻ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤታችን ትመጣለች፤ ባለቤቴ ቡና እስክታፈላ ድረስ ደብተሩን አብረን እንዘጋለን። ስሟን እንዳልጠቅስ፣ ቁጥሩን ግን እንዳለ እንዳስቀምጥ ተስማምተናል።

ፎቶ ማንሳት እጀምራለሁ ብለው የሚመጡ ወጣቶች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ካሜራ ስንት እንደሆነ ነው። ስለ ቀብድ ግን አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። የዚህችን ልጅ ሥራ ሊያጠፋ ደርሶ የነበረው ቀብድ ነው፤ መልሶ ያቆመውም እሱው ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እቁብ ጾም አያውቅም

በ2010 ክረምት ሥራ ፈልጋ ስታጣ አንድ ፎቶ ቤት በወር 900 ብር ተቀጠረች። ጉርድ ፎቶ ታነሳለች፣ ትቆርጣለች፣ መታወቂያ ላሚኔት ታደርጋለች። ግድግዳው ላይ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የተሣለበት መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ከገጠር የመጣ ሰው እዚያ ፊት እጁን ከጎኑ አጣብቆ፣ ትንፋሹን ውጦ ይቆማል። «ጋሼ፣ ሰው ካሜራ ፊት ለምን እንደሚደርቅ የገባኝ እዚያ ነው» ትለኛለች። ለማንሳት አትቸኩልም። ከየት እንደመጡ፣ ጤፉ ዘንድሮ እንዴት እንደሆነ፣ ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ ትጠይቃቸዋለች፤ ትከሻቸው ዝቅ ሲል ያኔ ትጫናለች። ከዚያ ፎቶ ቤት ይዛው የወጣችው ትልቁ ሙያ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

እናቷ ገበያ ላይ ጌሾና ቅመማ ቅመም ይሸጣሉ። 30 ሰው በሚጥልበት ሳምንታዊ እቁብ 500 ብር ይጥላሉ። በስምንተኛው ሳምንት፣ ሕዳር 2011 ላይ፣ ዕጣው ደረሳቸው። 15,000 ብሩን ለልጃቸው ሲሰጡ የተናገሩትን ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፋዋለች፦ «የጣልኩት 4,000 ብር የእኔ ምርቃት ይሁንሽ። የቀረውን 22 ሳምንት አንቺ ትጥያለሽ። እቁብ ጾም አያውቅም፣ ልጄ።»

በዚህ ብር ባሕር ዳር ወርዳ ያገለገለ ካኖን 600ዲ ከነሌንሱ በ12,800፣ ያገለገለ ፍላሽ በ1,400፣ ሁለት ባለ 16 ጊጋ ካርድ በ800 ገዛች። አንድም ሳንቲም አልተረፈም። ያገለገለ ካሜራ ለሚገዛ ሰው እሷ ያደረገችውን ሁለት ነገር እመክራለሁ። አንደኛው፣ ሸተሩ፣ ማለትም ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ የሚዘጋው የካሜራው ክፍል፣ ስንት ፎቶ እንዳነሳ ከመክፈል በፊት ማስቆጠር ነው፤ የካሜራ ዕድሜ የሚለካው በዓመት ሳይሆን በዚያ ቁጥር ነው። ሁለተኛው ሌንሱን ወደ ፀሐይ ሳይሆን ወደ አምፖል ይዞ ውስጡን ማየት ነው። ሐይቅ ዳር የኖረ ሌንስ ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል። የመጀመሪያው ሻጭ ያሳያት ሌንስ እንዲህ ያለ ነበር፤ ትታው ወደ ሌላ ሄደች።

ካሜራውን ይዛ የተመለሰችው ጾመ ነቢያት ሊገባ ቀናት ሲቀሩት ነው። ጾሙ ሕዳር 15 ይገባል፤ እስከ ገና ሰርግ የለም። ከዚያ ጥር ላይ ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ ሰርጉ ይጎርፋል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ 55 ቀን ጸጥ ይላል። በ2011 ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 25 ነው። ከፊቷ ያለውን 22 ሳምንት ወረቀት ላይ ስናሰላው ከግማሽ የሚበልጠው ጾም ላይ ወደቀ። ለእቁቡ ግን በየሳምንቱ 500 ብር መቅረብ አለበት።

ጎጃም ውስጥ በዚህ ሥራ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ባሕረ ሐሳብ ነው። ፋሲካ መቼ እንደሚውል፣ ጾመ ሐዋርያት መቼ እንደሚገባ፣ በመሀል ስንት ቅዳሜና እሑድ እንዳለ ሳያውቅ ዕዳ የሚገባ ፎቶ አንሺ ብሩን ከየት እንደሚያመጣ አላውቅም። ልጅቱ ለጊዜው የፎቶ ቤቱን ሥራ አልለቀቀችም። ጥሩ አደረገች። እስከ ጥር መጨረሻ በሥራ ቀን ጉርድ ፎቶ እያነሳች እሑድ እሑድ የራሷን ሥራ ሞከረች።

አራስ ቤት

የራሷ ሥራ የተገኘው ባልጠበቅነው በኩል ነው። የጎረቤት ሴት ወልዳ እናቷ ገንፎ ለመብላት ሲሄዱ ልጅቱም ተከትላ ሄደች። አራሷ «ክርስትናው ሲደርስ አንቺ ታነሽልኛለሽ?» አለቻት። ወንድ ልጅ ነው፤ በ40 ቀኑ ይጠመቃል። ልጅቱ ቤት ገብታ ቀኑን ቆጠረች። ጾመ ነቢያት መሀል ላይ ዋለ።

በዚያው ወር መጨረሻ እሑድ ያለችኝን አልረሳም። «ጋሼ፣ ሰርግ እኮ ወቅት ይጠብቃል። ልጅ ግን በየቀኑ ይወለዳል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን። የተወለደበትን ቀን ካወቅሁ ሥራዬን ከአንድ ወር በላይ ቀድሜ አውቀዋለሁ።»

ብዙ ነጋዴ አስተምሬያለሁ። ገበያው መቼ እንደሚመጣ በቀን ቆጥሮ የሚያውቅ ግን ከገበሬ በቀር አላየሁም ነበር። ጥምቀቱ ጾም አያቆመውም፤ በጾም ወር ድግሱ የጾም ይሆናል እንጂ ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል። እኔ የማውቃቸው የከተማችን ፎቶ አንሺዎች ደግሞ በዚያን ጊዜ ሁሉም ወንዶች ነበሩ፤ ክርስትና ሲያነሱ የሚጠብቁት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ነው። እሷ አራስ ቤት ትገባለች። እናትየው ጸጉሯን ስትሠራ፣ አያት ሕፃኑን ቅቤ ሲቀቡ፣ ክርስትና እናት ማተቡን ስታዘጋጅ ታነሳለች። እነዚህን ፎቶዎች ያየች ሴት ሁሉ የራሷን ትፈልጋለች።

ማስታወቂያ አላወጣችም። እናቷ ገበያ ላይ ማን እንደወለደ ይሰማሉ። አራስ ሲጠይቁ የልጃቸውን ሥራ ሁለት ሦስት ፎቶ በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘው ይሄዳሉ፤ ካልተጠየቁ አያወጡትም። እሷም ሳትጋበዝ አራስ ቤት ገብታ አታውቅም። ይህን ድንበር መጠበቋ ከምንም በላይ እንደጠቀማት አምናለሁ። በእኛ አገር አራስ ቤት በንግድ የሚገባበት ቦታ አይደለም።

የነጠላው ነጭነት

ስለ ሙያው ራሱ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በመጀመሪያዎቹ ወራት ያስለቀሳት ብር አልነበረም። ክርስትናና ሰርግ ላይ ሁሉም ሰው ነጭ ነው የሚለብሰው። ካሜራ በራሱ ሲለካ ያን ሁሉ ነጭ አይቶ ብርሃኑ በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ ነጠላው ግራጫ፣ የሰዉ ፊት ደግሞ ጥቁር ጥላ ይሆናል። ብርሃኑን ከፍ ስታደርገው በተቃራኒው ጥለቱ ይጠፋል፣ ነጠላው ባዶ ወረቀት ይመስላል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የቀትር ፀሐይዋ ምሕረት የለውም። የመጀመሪያው ክርስትና ላይ በ6 ሰዓት ያነሳቻቸው ፎቶዎች ሁሉ ዓይን ሥር ጥቁር ጉድጓድ ነበራቸው። አያትየው አይተው «ምነው፣ ያመመኝ መሰልኩ» አሏት።

መፍትሔውን ያገኘችው ሰዎቹን ወደ ጥላ በማምጣት ነው። ባሕር ዛፍ ሥር፣ የቤት በረንዳ ላይ፣ በር ውስጥ አንድ እርምጃ ገባ ብሎ ሰውየው ወደ ውጭ ፊቱን ሲያዞር ብርሃኑ ለስልሶ ፊት ላይ ያርፋል። እዚያ ላይ መጠኑን ከፊት ለክታ በእጇ ታስተካክለዋለች፤ ለካሜራው አትተወውም። የቤተሰቡን ሰልፍ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ታደርገዋለች። ይህን ለደንበኛው አስቀድማ መናገር ተማረች፤ ድግሱ ከመሰናዳቱ በፊት ሰዓቱን ካልተነጋገሩ በዓሉ ቀን ላይ ማንም አይሰማትም።

ሁለተኛው ፈተና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ተክሊል በማለዳ ነው፤ ውስጡ ጨለማ፣ ብርሃኑ ጧፍ። ፍላሽ ማብራት ካህናቱን ይረብሻል፤ እሷም በቅዳሴ መሀል ፍላሽ ማብራት አትፈልግም። ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ ሲያጎሉበት አፉ 5.6 ላይ ይቀራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ነው አፉ የሚሰፋው። ጥር ላይ በ3,800 ብር የገዛችው ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ እስከ 1.8 ይከፈታል፤ ከፊተኛው አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። ከጀመረች ጀምሮ የገዛችው ነገር ሁሉ ተደርድሮ አንዱን ምረጥ ብባል እሱን እመርጣለሁ።

አንድ ጊዜ ካርድ ተበላሽቶባታል፤ ያው 600ዲ የሚይዘው አንድ ካርድ ብቻ ነው። አብዛኛው በኮምፒውተር ፕሮግራም ተመለሰ፤ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ የወላጆቿን ጉልበት የሳመችበት ግን አልተገኘም። በዚያው ቀን ማታ ቤታቸው ሄዳ ነገረቻቸው። መልስ ላይ ያለ ክፍያ ሙሉ ቀን አነሳችላቸው። ከዚያ ወዲህ በአንድ ትልቅ ካርድ ውላ አታውቅም፦ ለሙሽራዋ ቤት አንድ፣ ለቤተ ክርስቲያን አንድ፣ ለድግሱ አንድ። ማታ ሁለት ቦታ ትገለብጠዋለች፤ አንዱ ዲስክ የሚያድረው አክስቷ ቤት ነው።

የሰርጉ 5,000 ብር

በ2011 ጥርና የካቲት አራት ሰርግ ሠራች፤ እያንዳንዱን በ5,000 ብር። ፊቷ በርቶ መጣች። ደብተሩን ዘርግተን የአንዱን ሰርግ ወጪ ጻፍን። አልበሙ ደብረ ማርቆስ ላይ በምትፈልገው ጥራት ስለማይታተም በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ይላካል፤ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ። ለአልበሙ 1,900፣ ለማስላኪያ 100፣ መብራት ለሚይዝላት ልጅ 400፣ ለትራንስፖርት 300፣ ለባትሪና ለጥቃቅን 150። ድምሩ 2,850። የቀራት 2,150 ነው። ቀኑን ስንቆጥር ሰርጉ አንድ ቀን፣ መልሱ አንድ ቀን፣ መምረጥና ማስተካከሉ አራት ቀን። ለቀን 358 ብር።

ቀጥሎ ክርስትናውን ጻፍን። ዋጋው 1,200። 30 ፎቶ በ10 በ15 ሲታተም 300፣ ባጃጅ 60። የቀራት 840፤ ሥራው ግማሽ ቀን ማንሳትና አንድ ቀን ማስተካከል። ለቀን 560 ብር።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ሰርግ ትልቅ ሥራ ነው፣ ስም ያስገኛል፣ ብሩም ሲቆጠር ብዙ ይመስላል። ደብተሩ ግን ሌላ ይላል። እኔ የሰርግ ዋጋ እንድትጨምር ብቻ መከርኳት። እሷ ከዚያ አልፋ አሰበች፦ አልበሙን ከዋጋው ነጠለችው። ማንሳቱ ራሱን የቻለ ዋጋ አለው፤ አልበም የፈለገ የመረጠውን ዓይነት ከፍሎ ያሠራል። አዲስ አበባ ላይ የአልበም ዋጋ ሲጨምር ጭማሪው ከእሷ ኪስ መውጣቱ ያቆማል ማለት ነው። ይህን ሁሉም ደንበኛ አልተቀበለም፤ ብዙው ቤተሰብ «ጠቅላላውን ንገሪን» ይላል። ስለዚህ ሁለቱን ዋጋ ይዛ ቀጠለች። የጠቅላላው ዋጋ በ2012 መጀመሪያ 9,000 ደረሰ።

እቁቡ ሚያዝያ 2011 ላይ ተጠናቀቀ። አንድም ሳምንት አልዘለለችም። በዐቢይ ጾሙ ውስጥ የእቁቡን ብር የሸፈነው ክርስትና ብቻ ነው።

ሰኔ 15 ቀን 2011 ባሕር ዳር ላይ በደረሰው ግድያ ማግሥት ኢንተርኔት ተቋርጦ ሰነበተ። ደንበኞቿ ፎቶ የሚቀበሉት በቴሌግራም ነበር። ተመራቂ ተማሪዎች ፎቶ አሳትመው ይዘው ወደየአገራቸው መሄድ ጀመሩ፤ ያን ሰሞን የታተመ ፎቶ የሸጠችውን ያህል ሸጣ አታውቅም። የደንበኞቿን ስልክ ቁጥር ደብተር ላይ መጻፍ የጀመረችውም ያኔ ነው።

መሸጫ ቦታ የሌለው ሰው ንግድ ፈቃድ ለማውጣት ይቸገር ነበር፤ የኪራይ ውል ይጠየቃል። የሀበሻ ቀሚስ ከምትሰፋ ሴት ጋር አንድ ሱቅ ተጋርተው ኪራዩን እኩል ከፈሉ። ቀሚስ ለማሰፋት የምትመጣ ሙሽራ ግድግዳው ላይ ፎቶ ታያለች። ለሁለቱም በጀ። ግብሩ በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ ደረጃ ሐ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 979 ዓመታዊ ሽያጩ ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነ ነጋዴ እዚያ ይመደብ ነበር፤ ክፍያውም በሐምሌ ወር ነበር። የዚያ ደረጃ ቁርጥ ግብር ከፋይ ደብተር እንዲይዝ አይገደድም ነበር። እሷ ግን ያዘች፤ ይህ ጽሑፍም የተገኘው ከዚያ ነው።

የሙሽራዋ አባት

በ2011 ግንቦት ያነሳቻት ሙሽራ ፎቶ እጅግ አምሮ ነበር። ሳትጠይቅ በፌስቡክ ገጿ ላይ አወጣችው፤ ብዙ ሰው ወደደው። በሦስተኛው ቀን የሙሽራዋ አባት ሁለት ሽማግሌ ይዘው ሱቁ በር ላይ ቆሙ።

«ልጄን ለባሏ ዳርኩ እንጂ ለአገሩ ሁሉ አልሰጠሁም» አሏት።

«አያ፣ ክፉ አስቤ አይደለም።»

«ክፉ አሰብሽ መች አልኩ? አልጠየቅሽኝም ነው የምልሽ።»

እሳቸው ሕግ አልጠቀሱም፤ ሕጉ ግን ከእሳቸው ጋር ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። በ1996 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በበኩሉ የፎቶግራፍ ሥራን ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠብቃል። ብዙ ፎቶ አንሺ ሁለተኛውን ይዞ የመጀመሪያውን ይረሳል። ፎቶው የአንተ ሥራ መሆኑ የሰውየውን ፊት የአንተ አያደርገውም። ፎቶውን በዚያው ሰዓት ከገጿ አወረደችው፤ ይቅርታ ጠየቀች፤ አባትየውም ይቅር አሉ። ከዚያ ወዲህ የውል ወረቀቷ ላይ አንድ መስመር አለ፦ «ፎቶዬ ለሥራ ማሳያ እንዲወጣ እፈቅዳለሁ / አልፈቅድም»። ፊርማው የራሷ የሙሽራዋና የሙሽራው ነው። ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። ሲጠየቁ ደስ የሚላቸው ነው የሚመስለኝ።

33,000 ብር

ጥር 23 ቀን 2012 እንጅባራ ወርዳ የአገው ፈረሰኞችን በዓል አነሳች። ፎቶዎቹ ድንቅ ነበሩ። ፈረሶቹ አቧራውን ሰንጥቀው ሲመጡ ያየ ሰው አይረሳውም። ያን ቀን ግን 600ዲው አልበቃትም። ስትመለስ ልቧ ሌላ ካሜራ ላይ ነበር።

የካቲት ላይ ከፋሲካ በኋላ ለሚደረጉ 11 ሰርጎች ውል ተፈራረመች። እያንዳንዱ 3,000 ብር ቀብድ ሰጠ። 33,000 ብር በአንድ ወር ውስጥ እጇ ገባ። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ብር ይዛ አታውቅም። በ31,500 ያገለገለ ካኖን 6ዲ ገዛች።

የየካቲቱን ሒሳብ ስንዘጋ ቀብዱን «ገቢ» ብላ ጽፋው አየሁ። አላረምኳትም። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ገና ያልተሠራ ሥራ ብር ዕዳ እንደሆነ ለተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ወር የማስተምረው ነው። ካሜራውን አይቼ ከእሷ ጋር ደስ ብሎኝ ነበር፣ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው፤ የእኔ ይበልጣል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ። ከዚያ በኋላ የተቀጠሩት 11ዱም ሰርጎች በአንድ ጊዜ ወደቁ። በባንክ ደብተሯ የቀረው 1,500 ብር ነው።

ስልኳ መጮህ ጀመረ። ሦስት ቀን ሳትበላ ዋለች ብለው እናቷ ደወሉልኝ። ሄድኩ። በር ላይ ተራርቀን ተቀመጥን። እኔ ሕጉን ይዤ ነው የሄድኩት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል ይላል። «ሰርጉን የሰረዙት እነሱ ናቸው፤ መመለስ የለብሽም» አልኳት።

እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች። «ጋሼ፣ እነሱ መች ሰረዙት? ተከለከሉ እንጂ። ደግሞስ እኔ ያላነሳሁትን ሰርግ ብር በልቼ የእነዚህን ልጆች ክርስትና ማን ይጠራኛል?»

ልክ ነበረች። አንቀጹ የሚናገረው በፈቃዱ ስለሚያፈርስ ሰው ነው፤ እኔ በጥድፊያ አንብቤው ነበር። የሕጉስ ነገር ይቅር፤ የገበያዋን መሠረት ከእኔ የበለጠ አውቃዋለች። ዛሬ የተጋቡት ከዓመት በኋላ ይወልዳሉ። ሰርጉ የክርስትናው በር ነው።

እሷ ራሷ ለ11ዱም ቤተሰብ ደወለች። ብሩ እጇ ላይ እንደሌለ አልደበቀችም፤ ካሜራ እንደገዛችበት ነገረቻቸው። ሦስት ምርጫ ሰጠቻቸው፦ በሁለት ወር ውስጥ እመልሳለሁ፤ ወይም ሰርጉ በሚደረግበት ጊዜ ዋጋ ሳልጨምር አነሳለሁ፤ ወይም በቀብዱ ልክ ሌላ ሥራ እሠራለሁ። አምስቱ ብራቸውን ፈለጉ። አራቱ «ይቆይ» አሉ። ሁለቱ ሰርጋቸውን በጥቂት ሰው ጨርሰው ነበርና ክልከላው ሲነሳ በቀብዱ አልበም እንድትሠራላቸው ተስማሙ። አንድ አባት ብቻ ተቆጡ፤ እሳቸውም ብሩ ሲመለስላቸው መርቀዋታል።

15,000 ብር ከየት ይምጣ? እኔ 6ዲውን ሽጪው አልኳት። አልሸጠችውም፤ 600ዲውን ከነሌንሱ በ11,000 ሸጠች። እስካሁን ድረስ በዚህ አልተስማማንም፤ አንድ ካሜራ ብቻ ይዞ ሰርግ መሄድ ዕዳ ነው እላለሁ። የቀረው 4,000 ግን የመጣበት መንገድ ከልቤ አልወጣም። ክርስትናው አልቆመም ነበር። ከጥምቀቱ በኋላ እናት፣ አባትና ሕፃን በግቢያቸው ይቆማሉ፤ እሷ አራተኛ ናት። ከአራት አላለፉም። አፏን ሸፍና፣ ራቅ ብላ፣ በ50 ሚሊሜትሯ ታነሳለች። 600 ብር ትጠይቃለች፤ ለኅትመት 150 ይወጣል። ዘጠኝ ክርስትና 4,050 ብር አመጣ። ሰኔ ሳያልቅ አምስቱም ቤተሰብ ብራቸውን ተቀበሉ።

ክረምቱን ሁለተኛ የባንክ ደብተር አወጣች። ሽፋኑ ላይ በእስክሪቢቶ «የሰው ብር» ብላ ጻፈችበት። ቀብድ እዚያ ይገባል፤ የሚወጣው ሰርጉ በተነሳ ማግሥት ነው። አልበም የሚታዘዝበት ወጪ ብቻ አስቀድሞ ይወጣል፤ እሱም ደንበኛው ደረሰኙን አይቶ። ሰማያዊው ደብተርም ላይ ከ2013 መስከረም ጀምሮ «ገቢ» እና «ቀብድ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አሉ። ያ መስመር የተሰመረው በእኔ እጅ ነው፤ ከሰባት ወር በፊት ማስመር ነበረብኝ።

ከአራቱ የቆዩ ሰርጎች ሦስቱ ጥር 2013 ላይ ተደረጉ። የአልበም ዋጋ በዚያ መሀል ወደ 3,100 ብር ወጥቶ ነበር። እንደ ቃሏ በ9,000 ሠራች። ከአንዱ ሰርግ የቀራትን ስናሰላ ከታሰበው አነሰ፤ የመብራት ያዡን ልጅ አበል ከፍ አድርጋ ከፍላው ነበር። ምንም አላልኩም።

አራተኛው የካቲት ላይ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሆነ። በማግሥቱ እሑድ ደብተሩን ይዛ መጣች። ቡናው ገና አልፈላም። ቀብድ የሚለው ዓምድ ላይ ከ11ዱ መስመር ሳይሰረዝ የቀረው ያ ብቻ ነበር። እስክሪቢቶዬን ሰጠኋት። «3,000፣ ተወራረደ» ብላ ጻፈችና ለባለቤቴ እንጨት ልታቀርብ ተነሳች።